ካሜራዬን በአራተኛው ቀን ተጠራጠርኩት

ካሜራው እጄ ከገባ በኋላ ሦስቱ ቀን በደስታ አለፈ። በአራተኛው ቀን ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬ ላይ የካሜራዬን ስም ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ገዝቼ ጨርሻለሁ እኮ። ምናልባት አንድ ሰው "ጎበዝ፣ ደህና አድርገሽ መረጥሽ" እንዲለኝ ፈልጌ ይሆናል።

መጀመሪያ የመጣልኝ የ18 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ርዕሱ "ይህን ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ተመልከቱ" ይላል። እንግዲህ ቀድሜዋለሁ። ያም ሆኖ ከፈትኩት።

ሰውየው ቢጮህ፣ ቢሳደብ በተሻለኝ ነበር። "ቀናተኛ ነው" ብዬ እዘጋው ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ እያዘነ ነው የሚናገረው፤ ልክ የምርመራ ውጤት እንደሚነግር ሐኪም። ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሹተር፣ ማለት ክዳን ሳይንቀሳቀስ ያለ ድምፅ በሚያነሳው ዘዴ፣ ሲያነሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ይጣመማል። በ4ኬ ቪዲዮ ሲቀርጹ ዳር ዳሩን ይቆርጣል። ብርሃን ሲያንስ ፎከሱ ይዋልላል፣ ኖይዙም፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ፣ ይበዛል። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ "ይቅርታ፣ እኔ መልሼዋለሁ" አለ።

ሆዴን ባር ባር አለው።

ተነሳሁና ካሜራውን ከቦርሳው አወጣሁት። ትናንት እጄ ላይ ልክ የነበረው መያዣ ዛሬ ጠበበኝ። የሹተሩ ድምፅ እንኳ ርካሽ መሰለኝ። ያው ካሜራ ነው፤ ከትናንት ወዲህ ማንም አልነካውም።

የካሜራውን ስም አልጠራም። 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰሩ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛው መጠን፣ መስታወት የሌለው ዓይነት። አብሮት የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ ካሜራዎች ብዙ ናቸው፤ የሰውየው ቅሬታ ግማሹ ለሁሉም ይሠራል።

ከሁሉ የከፋው ያደረግኩት ነገር ይሄ ነው። በሁለተኛው ቀን ልጄን አንስቻት ነበር። መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ለማሰር ትታገላለች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጣ ብሏል። የፊት ጥርሷ የወለቀበት ቀዳዳ ይታያል። አንዱ የክር ጫፍ ጣቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ ሌላው ጠፍቶባታል። ያንን ፎቶ ሳየው ብቻዬን ስቄ ነበር። ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ግን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩትና 200 በመቶ አጎላሁት። ልጄን ዘልዬ ሄድኩ፤ ከጀርባዋ ያለው የመጋረጃ እጥፋት ውስጥ ገባሁ። ጥላው ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር አለ። "ይኸው ኖይዙ!" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል። ሌሊቱን ሌሎች ፎቶዎችን ሳጎላ አመሸሁ። ጥላ ያለበትን ሁሉ መረመርኩ። ልጄ ደግሞ ጠዋት መጥታ "እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ብቻ ነበር።

ከዚያ ነው ነገሩን በወጉ ላጣራ ያልኩት። ሱቁ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ብሏል። ደረሰኙም ካርቶኑም አሉ። አሥር ቀን ቀርቶኛል።

በባትሪው ጀመርኩ። ካርቶኑ ላይ በአንድ ቻርጅ 340 ፎቶ ይላል። ሰውየው ያነበበውም ይህንኑ ነው። ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው። ሲፓ የሚባለው የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ያወጣው መለኪያ አለ። በየ30 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ይነሳል፣ ስክሪኑ በርቶ ይጠብቃል፣ ፍላሽ ካለው በየሁለተኛው ፎቶ ይበራል፣ ከየአሥር ፎቶ በኋላ ካሜራው ይጠፋና እንደገና ይበራል። እንደዚያ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አላውቅም። እኔ ቅዳሜ ዕለት ልጆቹ ሲሯሯጡ ተከታትዬ 612 ፎቶ አነሳሁ፤ ባትሪው ላይ አንድ ሰረዝ ቀርቶ ነበር። እሑድ ቪዲዮ ስቀርጽ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ጥቁር ሆነ። በዚህ ሰውየው ልክ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ሁለተኛ ባትሪ ሳይዝ ከቤት እንዳይወጣ።

ቀጥሎ መጣመሙ። ይሄኛው አዝናንቶኛል። ካሜራውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ አድርጌ ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት እያዞርኩ በሩን አነሳሁት። መቃኑ እንደሰከረ ሰው ዘንበል ብሎ ወጣ። ቬንትሌተሩንም አነሳሁት፤ ክንፎቹ ሙዝ መሰሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነበውም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እያነበበ ይወርዳል። የመጨረሻው መስመር ጋ እስኪደርስ በሩ ቦታ ቀይሯል። ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ ወደሚዘጋበት ወደ ሜካኒካል ሹተር ቀየርኩ። በሩ ቀጥ አለ። ቬንትሌተሩም ክንፍ አወጣ። አንድ ምርጫ ነው፣ ሜኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ።

እግረ መንገዴን ሌላም አገኘሁ። ኤሌክትሮኒክ ሹተሩ በአንዳንድ መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ሰንበር ያስቀራል። ብዙ መብራቶች እንደ አገሩ የኤሌክትሪክ መስመር በሴኮንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይናችን አያየውም፣ መስመር በመስመር የሚያነበው ሴንሰር ግን ያየዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሜካኒካሉን፤ ሕፃን ተኝቶ ድምፅ እንዳይሰማ ስፈልግ ብቻ ኤሌክትሮኒኩን።

የ4ኬው መቆረጥ እውነት ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ትከሻው ከምስሉ ይወጣል። እኔ በዓመት ስንት ጊዜ 4ኬ እቀርጻለሁ? አለፍኩት።

የካርዱን ነገር ለወንድሜ ነገርኩት። ሠርግ ያነሳል፣ ዓመታት ሆኖታል። ያጽናናኛል ብዬ ነበር።

"ሰውየው ልክ ነው" አለኝ። "አንድ ካርድ ብቻ የሚይዝ ካሜራ በነጻ ቢሰጡኝ ሠርግ ላይ አልይዝም።"

"እንዴ! ለምን?"

"ካርድ ይበላሻል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያደርጉ ያነሳሁት በሙሉ ጠፋ። ሁለተኛው ካርድ ላይ ባይቀዳ ኖሮ ዛሬ አገር ለቅቄ ነበር።"

ክው አልኩ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ "ስሚ፣ አንቺ ማንን ልትድሪ ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ይባስ ብሎ ታሪክ ጀመረ። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ሳሰን የሚባል የኮዳክ መሐንዲስ የሠራው ዲጂታል ካሜራ ሴንሰሩ 0.01 ሜጋፒክስል እንደነበር፣ አንዷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ እንደፈጀበት አወራኝ። "እሱስ ምን ይበል?" አለኝ። እንዲህ ያለ ማጽናናት አያድርስ።

ሲወጣ ግን ከቦርሳው አንድ ትንሽ ሌንስ አውጥቶ ሰጠኝ። 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። "ከኖይዙ በፊት ይሄን ሞክሪው" ብሎኝ ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ሆድ እዚህ ነው። የልጄን ፎቶ ሳነሳ ሌንሴ 55 ላይ፣ ማለት እስከ መጨረሻው አቅርቦ ነበር። እዚያ ላይ ከኤፍ 5.6 ይበልጥ ሰፍቶ አይከፈትም። ብርሃኑ ስላነሰ ካሜራው አይኤስኦውን ወደ 1600 ሰቀለው። አይኤስኦ መስቀል ማለት ሴንሰሩ ያገኘውን ጥቂት ብርሃን ማጉላት ነው፤ አዲስ ብርሃን አያመጣም። የራድዮ ድምፅ ደካማ ሲሆን ቮልዩም እንደመጨመር ነው፤ ሹሹታውም አብሮ ይጨምራል። የወንድሜ ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት ከኤፍ 5.6 አሥር ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ያስገባል። በማግስቱ ልጄን እዚያው መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ሰዓቱም ያው፣ መጋረጃውም ያው። አይኤስኦው ከ200 በታች ወረደ። የመጋረጃው እጥፋት ውስጥ እንደገና ገባሁ፤ አሸዋው የለም። ፎከሱም ያን ያህል አልዋለለም፤ እሱም ለካ የሚያይበት ብርሃን ነበር የቸገረው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምንም መስመር የሌለው ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ ተወው። እኔም ብሆን እተወዋለሁ።

ጉድለቱ ያለው ካሜራው ላይ ሳይሆን አብሮት በመጣው ሌንስ ላይ ነው ለማለት ቸኩዬ ነበር። ግን ሌንሱም ቢሆን ከቤት ውጭ ቀን ላይ ደህና ይሠራል። ደግሞ ያቺን የመጀመሪያዋን ፎቶ አሳተምኳት። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም ወደ 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ ያሳተምኩት ግማሹን ነው። ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ኖይዙን ፈልጌ አፍንጫዬ እስኪነካት ቀረብኩ። አላገኘሁትም።

ቪዲዮውን ሁለተኛ አየሁት። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሰውየው "እኔ እንጀራዬ ቪዲዮ ነው፣ በብዛት የምቀርጸውም የስፖርት ውድድር ነው" ብሏል። በስድስተኛው ደቂቃ ላይ "ፎቶ የምታነሱ ሜካኒካሉን ተጠቀሙ፣ ችግር የለውም" ብሏል። ሁለቱንም በመጀመሪያው ቀን አልሰማሁም። ደንግጬ ነበር። ሰውየው አልዋሸም። እንዲያውም ጥሩ ሠርቷል። ብቻ የእሱን ካሜራ ነው የገመገመው።

አሁን የእኔን ልናገር። ዓይን የሚከተለው ፎከስ ግሩም ነው፤ ልጅ እየሮጠ ሲመጣ እንኳ ዓይኑን አይለቅም። ቀላል ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይረሳል፣ ስለዚህ ይዤው እወጣለሁ። ሜኑው ግን ዝርክርክ ነው፤ የምፈልገውን ባገኘሁ ቁጥር የት እንደነበር ማስታወሻ እጽፋለሁ። የማሰሪያው ቀለበት ቪዲዮ ሲቀረጽ ክሊክ ክሊክ ይላል። ቤተሰብና ጉዞ ለሚያነሳ ሰው እላችኋለሁ፣ ግዙት፤ ከቻላችሁ ከሙሉው ጥቅል ይልቅ አካሉን ብቻና አንድ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ። ሠርግ ለሚያነሳ፣ ወንድሜን ስሙት።

እኔን የምር የሚያናድደኝን ነገር ግን በ18ቱ ደቂቃ ውስጥ ማንም አልተናገረም። የሚሞሪ ካርዱ የሚገባው ከሥር፣ ከባትሪው ጋር በአንድ በር ነው። በሩ ደግሞ የትራይፖዱ ብሎን ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር ተጣብቋል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ካለ በሩ አይከፈትም። ካርድ ለማውጣት ከትራይፖዱ ማውረድ፣ ከሥር ያለችውን ሳህን በሳንቲም መፍታት፣ ካርዱን ማውጣት፣ መልሶ ማሰር፣ ከዚያ ፎቶውን እንደ አዲስ ማስተካከል። ትናንት ማታ ቤተሰቡን ሁሉ ሶፋ ላይ ደርድሬ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ልጫን ስል "ካርዱ ሞልቷል" አለኝ። ሰባት ሰው ፈገግ እንዳለ ጠበቀኝ፤ እኔ ወለል ላይ ተንበርክኬ ሳንቲም እፈልጋለሁ።

የመመለሻው ቀን ያለፈው ማክሰኞ ነበር። ትዝ ያለኝ ሐሙስ ነው። አሁን የካሜራው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሳንቲም አለች።