ቧንቧ ሠራተኛ ለምትፈልጉ ሁሉ፦ ጋሼን ልጠቁማችሁ

የከተማችን ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታቹ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ የሻወር ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሳሙናው አረፋ ሳይሰጥ ያልቃል፣ ነጭ ልብስ ታጥቦ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እኛ ቤት ይህ ሁሉ ነበር፤ ያስመረረን ግን ቦይለሩ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ይቃጠላል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ አዲስ ይገጠማል፣ ብዙ ሳይቆይ እሱም ይቃጠላል። የመጣው ሁሉ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ይሄዳል። የመጨረሻው ባለሙያማ ቦይለሩን ጥለን ሌላ እንድንገዛ ነገረን።

ልንገዛ ስንዘጋጅ ነው አንዲት ዘመዳችን ጋሼን የላከችልን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ መፍቻ ከማውጣታቸው በፊት የጠየቁት ስለ ውሃው ነበር። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስመጡና በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እኩል ቀዱ። ከደረቅ ሳሙና ፍቀው በሁለቱም እኩል ጨመሩና ነቀነቁ። የዝናቡ ውሃ በአረፋ ተሞላ፤ የቧንቧው ግን ደፍርሶ ነጭ ዝቃጭ ያዘ። «ልጄ፣ ዕቃችሁ ደህና ነው፤ የሚያበላሸው ውሃው ነው» አሉኝ። በዱቄት ሳሙና ብሞክረው ጠንካራ ውሃም (ኖራ የበዛበት ማለት ነው) አረፋ ስለሚያወጣ እንደሚያሳስተኝም ጨመሩልኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ነው። ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይመጣል። ቀዝቃዛ እያለ አይታይም። ሲሞቅ ግን የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና የሚሞቀው ነገር ላይ ይጋገራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ግግሩም ይብሳል። ኖራ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ ኤለመንቱ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው በራሱ ሙቀት ይታፈናል፤ ውሃው ቶሎ አይሞቅም፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ በመጨረሻ ኤለመንቱ ይቃጠላል። ቦይለራችን ሲሞቅ ያሰማ የነበረው የመንኳኳት ድምፅም ከግግሩ ሥር በሚፈላው ውሃ የመጣ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

አሠራራቸውን ማየት ያስደስታል። ብሬከሩን አጠፉ፣ መብራት አለመኖሩን በመፈተሻ አረጋገጡ፣ የውሃውን መግቢያ ዘጉ፣ ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው አፈሰሱት። ከውስጡ የወጣው የኖራ ስብርባሪ ባልዲ ይዟል። ኤለመንቱን በመዶሻ አልቀጠቀጡትም፤ ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጠው ዘፈዘፉት፣ ኖራውም እየተንተከተከ ለቀቀ። ከዚያ ደጋግመው አለቀለቁት። ዝገት ከጋኑ ይልቅ እሱን እንዲበላ ተብሎ የሚገባው የማግኒዚየም ዘንግ አልቆ ሽቦው ብቻ ስለቀረ በአዲስ ተኩት። ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጎማ ቀየሩ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ወደ 60 ዲግሪ መለሱት። ከዚያ በታች እንዳናወርደው ደግሞ አጥብቀው ነገሩን፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ሊጣል የነበረው ቦይለር ይኸው እስከ ዛሬ ያለ ድምፅ ይሠራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ልሸጥልህ ያላሉኝ ነገር ነው። ለቤቱ በሙሉ ውሃ ማለስለሻ ማሽን ላስገባ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምር አሉኝ። ውጤቱ በሊትር በሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይጻፋል፤ በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ120 በላይ ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ነው። ማለስለሻው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን በሶዲየም ይተካል፣ በየጊዜውም ጨው ይፈልጋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ደም ግፊት ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ የሚጠጣበት ቧንቧ ማለስለሻው ውስጥ ሳያልፍ ለብቻው መቅረት አለበት። ተራው የከሰል ፊልተር ደግሞ ሽታና ጣዕም ቢያሻሽልም ኖራውን አይቀንስም። ይህን ሳያውቁ ለቦይለር ብለው ፊልተር የገዙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ባለቤቴ ውሃው ጤና ይጎዳል ብላ ስትሰጋ ኖራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው የመጠን ገደብ የለም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነትም የሚፈልጋቸው ናቸው። ችግሩ ዕቃ፣ ሳሙናና መብራት መፍጀቱ ነው።

ሲሄዱ ለሻወሩና ለሩቢኔቱ አፍ ኮምጣጤ ይበቃል ብለው አሳዩን፤ ፈትቶ መዘፍዘፍ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸት፣ ማለቅለቅ ነው። ኮምጣጤም ሆነ ሲትሪክ አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ ግን አደራ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት ከነቤተሰቤ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉላቸው ቦይለሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መቼ እንደተገጠመና ሲሞቅ ድምፅ ያሰማ እንደሆነ ንገሯቸው፤ ልኩ የሆነውን ጎማና ዘንግ ይዘው ይመጣሉ። ቦይለሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃቸው ከዋዜማው ማታ አጥፉት።