ያለቀ የሳይክል ካቴና በቤት ለመቀየር፦ የትኛውን ልግዛ?

ሱቅ ገብተው «የሳይክል ካቴና» ብቻ ካሉ የማይሆንዎትን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። በየሱቁ ያሉት ካቴናዎች ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ስለሆኑ የትኛውንም ጥርስ ላይ ቢያስቀምጡት ልክ ይመስላል። የሚለያዩት በወርድ ነው። ወርዱን የሚወስነው የኋላ ማርሽ ብዛት ነው፤ የፊቱ አይቆጠርም። ብዙ ሰው «ባለ 21 ማርሽ» ብሎ ይጠይቃል፤ ያ ሳይክል ከፊት 3 ከኋላ 7 ስለሆነ የሚገዛለት የ7ቱ ነው።

እንደ ፊኒክስና ሂሮ ላሉ ማርሽ አልባ ሳይክሎች ውስጡ 3.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ወፍራሙ ካቴና ይገዛል። የሚገጠመው በቅንጥብ፣ ማለትም ሁለቱን ጫፎች አያይዞ በሚይዝ ትንሽ የብረት መያዣ ነው። የቅንጥቡ ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ አንድ ነገር ሲነካው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከገጠሙ በኋላ የኋላውን ጎማ ወደኋላ ስበው መሐሉ ላይ ወደላይና ወደታች 1 ሳንቲሜትር ያህል እንዲላላ አድርገው ያጥብቁ። ለዚህ ዓይነት ሳይክል ከዚህ በላይ ማማረጥ አያስፈልግም።

ምርጫው የሚበዛው ከኋላ 6፣ 7 ወይም 8 ማርሽ ላላቸው ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ካቴና ይጋራሉ፤ የውስጥ ወርዱ 2.4፣ የውጪው ደግሞ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሺማኖ ኤችጂ40፣ ኬኤምሲ ዜድ8 እና ስራም ፒሲ850 ሦስቱም ይሆናሉ። ዋናው ልዩነታቸው አገጣጠማቸው ነው። ሺማኖው በተለምዶ የሚገጠመው በራሱ ልዩ ፒን ነው፦ በካቴና መፍቻ ይገፉትና ትርፍ ጫፉን በፒንሳ ይሰብሩታል። ያ ፒን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ የወጣን ፒን መልሶ መግፋት በኋላ ዳገት ላይ ካቴናው እንዲበጠስ ማመቻቸት ነው። ኬኤምሲና ስራም ግን በእጅ የሚዘጋ መቆለፊያ አንጓ ይዘው ይመጣሉ፤ በዚህ ወርድ ለማጠብ ሲፈልጉ ፈትተው መልሰው ይገጥሙታል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ሺማኖውን የወደደም ለ7 እና ለ8 ማርሽ የተሠራ መቆለፊያ ለብቻው ገዝቶ ሊያስገባበት ይችላል።

ከኋላ 9 ማርሽና ከዚያ በላይ ሲሆን ካቴናው እየቀጠነ ይሄዳል፦ የ9ኙ ውጫዊ ወርድ 6.6፣ የ11ዱ 5.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የአንዱን መቆለፊያ ለሌላው አይግጠሙ። ከ10 ጀምሮ ብዙዎቹ መቆለፊያዎች አንዴ ከተፈቱ የሚጣሉ ስለሆኑ መለዋወጫ አብረው ይግዙ።

ኒኬል የተቀባው ላይ ገንዘብ መጨመር ያዋጣል? ክረምቱን ለሚነዳና ሳይክሉን ደጅ ለሚያሳድር ዝገት ስለሚከላከል ያዋጣል። ዕድሜውን ግን ያን ያህል አያራዝምም፤ ምክንያቱም ካቴና የሚያልቀው ፒኑ በሚሽከረከርበት ቦታ ውስጥ በሚገባ አቧራ ነው። «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አልተሳበም፤ የተበላው ፒኑ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ይዞ ስለሚገባ ውድ ካቴናን ሳይቀር በቶሎ ይጨርሳል።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። ከአንድ ፒን መሐል ጀምረው 24ኛው ፒን ድረስ ይቁጠሩ፤ የጀመሩበትን አይቁጠሩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ለ11 እና 12 ማርሽ 306.3 ሲደርስ፣ ከ6 እስከ 10 ላለው 307 ሲሆን መቀየር አለበት። 308 ከደረሰ የኋላው ጥርስም ሳይበላ አይቀርም። በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ሲገባ በኃይል ሲረግጡ ይዘላል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለውም አዘውትረው በሚጠቀሙባቸው ማርሾች ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ይግዙ።

አዲሱ ካቴና ብዙውን ጊዜ 114 ወይም 116 አንጓ ስላለው መቆረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ በመቆለፊያ ቢገጠምም የካቴና መፍቻ ያስፈልጋል። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ዘርግተው በዓይን አያስተካክሉ። በማለቁ 1 በመቶ የረዘመ የ114 አንጓ ካቴና ከአዲሱ 14 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ይህ ከአንድ አንጓ በላይ ነው። አንጓውን ቆጥረው ይቁረጡ፤ መቆለፊያውንም እንደ አንድ ይቁጠሩት። መቆለፊያው የሚገባው በሁለት ጠባብ፣ ማለትም የውስጥ አንጓዎች መካከል ስለሆነ ሁለቱም ጫፎች ጠባብ ሆነው መቅረት አለባቸው።

መቆለፊያውን ከገጠሙ በኋላ ከላይ በኩል አምጥተው የኋላ ፍሬኑን ይያዙና ፔዳሉን አጥብቀው ይርገጡ፤ ጠቅ ብሎ ይገባል። ከዚያ ፔዳሉን ወደኋላ ቀስ አድርገው ሲያዞሩ ማርሽ መቀየሪያው ላይ የሚዘል አንጓ ካለ ደርቋል ማለት ነው። በሁለት እጅ ይዘው ግራና ቀኝ ትንሽ ቢያጥፉት ይላላል።