ትንሹ ራጅ፣ ፓኖራሚክ ወይስ ስሪዲ? ለጥርስ ምስል ከመክፈልዎ በፊት

የጥርስ ሐኪም «ምስል ተነስተው ይምጡ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ማለቱ ነው፦ አፍ ውስጥ ተይዞ የሚነሳውን ትንሹን ራጅ፣ ላይኛውንና ታችኛውን መንጋጋ አንድ ላይ የሚያሳየውን ፓኖራሚክ፣ ወይም ስሪዲ የምንለውን፣ መንጋጋን ከየአቅጣጫው የሚያሳየውን ሲቢሲቲ። ዋጋውም ጨረሩም ባብዛኛው በዚሁ ተራ ይጨምራል። ብዙ ሰው ታዲያ «ከከፈልኩ አይቀር ትልቁን» ይላል። እኔም ብዬ ነበር።

ጥርስዎ ተቦርቡሮ ከሆነ ትንሹ ራጅ ይበቃዎታል። የሚያሳየው ሁለት ሦስት ጥርስ ቢሆንም በጥርሶች መሃል የተደበቀ ቀዳዳን ከስሪዲው አብልጦ ያወጣል። አፍዎ ውስጥ ካፕ (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሽፋን) ወይም የብረት ሙሌት ካለማ፣ ስሪዲው ላይ ብረቱ እንደ ፀሐይ ጮራ እየተበተነ ጎረቤቱን ጥርስ ይሸፍነዋል።

ፓኖራሚክ ያልበቀለ ጥርስን፣ የመንጋጋ ስብራትን፣ ብሬስ ከመታሰሩ በፊት ያለውን አጠቃላይ ሁኔታ ለማየት ጥሩ ነው። ግን ጠፍጣፋ ነው፤ የአጥንትን ውፍረት አያሳይም። ምስሉንም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያጎላዋል፤ ያውም ከቦታ ቦታ እኩል አይደለም። በእሱ ብቻ ለክቶ የኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ብሎን ርዝመት መምረጥ አያስተማምንም።

ስሪዲው የተከፈለበትን የሚያወጣው የት እንደሆነ የገባኝ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴ ሊነቀል ሲል ነው። ፓኖራሚኩ ላይ የጥርሱ ሥር በነርቩ ቦይ ላይ ተደርቦ ይታያል። ይህ ነርቭ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነው፤ ከተጎዳ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል። ጠፍጣፋው ምስል መደረቡን እንጂ መነካካታቸውን አይናገርም። ስሪዲው ሲመጣ ሐኪሙ መንጋጋዬን በኮምፒውተሩ እንደ ዳቦ እየቆረሰ አሳየኝ። ነርቩ የሚያልፈው በምላስ በኩል ነው፤ በእሱና በሥሩ መካከል ስስ ነጭ መስመር፣ ማለትም አጥንት፣ አለ። ጥርሱ ከየት አቅጣጫ እንደሚነሳ የተወሰነው እዚያው ነው።

ኢምፕላንት ሲታሰብም ነገሩ ይኸው ነው፤ የአጥንቱ ስፋት፣ በታችኛው መንጋጋ እስከ ነርቩ፣ በላይኛው እስከ ሳይነሱ (ከጥርሶቹ በላይ ያለው የአየር ክፍተት) ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይለካል። ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ውስጥ ያለውን ቦይ የማጽዳትና የመሙላት ሕክምና) ተሠርቶለት ሕመሙ ላልለቀቀው ጥርስም ይረዳል፤ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ በተራ ራጅ የማይታይ አራተኛ ቦይ አለው።

ጨረሩን በቁጥር እንየው። ትንሹ ራጅ ከ10 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ነው፤ ፓኖራሚክ ባብዛኛው ከ10 እስከ 25። ሲቢሲቲ እንደ ማሽኑና እንደ ምስሉ ስፋት ከጥቂት አሥሮች እስከ ብዙ መቶዎች ይደርሳል። አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2,400 ገደማ ስለሚያገኝ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ለልጅ ግን በደንብ ይታሰብበት።

ስለዚህ ስሪዲ ከታዘዘልዎ የምስሉን ስፋት ይጠይቁ። ለአንድ ጥርስ 5 በ5 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ጨረሩ ያንሳል፣ ምስሉም ይጠራል። ፊትን በሙሉ የሚያነሳው ለከባድ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ነው። ማሽኑ በጭንቅላትዎ ዙሪያ ከ10 እስከ 40 ሰከንድ ሲዞር አይነቃነቁ፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ ምስሉን ሊያደበዝዘው ይችላል። እንግዳ መቀበያው ላይ «ስሪዲ ስካን» ሲባሉም የትኛውን እንደሆነ ያጣሩ፤ ጥርስን በካሜራ የሚቀዳው ስካነርም በዚሁ ስም ይጠራል። እሱ ጨረር የለውም፣ አጥንትም አያይም፤ የሚጠቅመው ለካፕ ልኬት ነው።

እናቴን ለኢምፕላንት ያስነሳሁባት ቦታ የሰጠን የታተመ ፊልም ብቻ ነበር። ሐኪሟ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየውና «ይኼን ልቆርሰው አልችልም» አለን። ተመልሰን፣ ግማሽ ቀን ጠብቀን፣ በፍላሽ የዳይኮም ፋይሉን፣ ማለትም ሐኪሙ በኮምፒውተር እየቆረሰ የሚያየውን ዋናውን ምስል፣ ተቀበልን። እርስዎ ግን ፋይሉን ይሰጡ እንደሆነ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።