«ፓክድ ነው» ተብሎ የተሸጠልን ግራፊክስ ካርድ፤ ጌሚንግ ፒሲ ልትሠሩ ያሰባችሁ ይሄን ሳታነቡ ብር አታውጡ

ሰላም ጓደኞች። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ግን ንዴቱ ይቆየኝና ነገሩን እንደሆነው ልንገራችሁ፤ ጌሚንግ ፒሲ ለመሥራት ብር እያጠራቀመ ያለ ብዙ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከደሞዙ እየቆነጠረ ሁለት ዓመት ያስቀመጣት ብር ነበረችው። ከእሷ ላይ 26 ሺህ ብር በአንድ ከሰዓት ሄደች። አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ። «አንተ ታውቃለህ» ብሎ አምኖኝ ነው ይዞኝ የወጣው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከሜክሲኮ ተነስተን፣ በለገሃር አድርገን፣ ቸርችልን ሽቅብ ወጥተን እስከ ፒያሳ ድረስ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። የጠየቅነው ሁሉ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ደክሞናል፣ ርቦናል፣ ወንድሜም ተስፋ እየቆረጠ ነው። ሰው የሚበላው እንዲህ ሲሆን ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ ገባን። ሻጩ በጣም ትሁት ልጅ ነው። ወንበር ሰጠን፣ ሻይ አዘዘልን። «ጂቲኤክስ 1060፣ 6 ጂቢ፣ ፓክድ አለኝ» አለ። ጂቲኤክስ 1060 የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ነው፣ ጌሙን ስክሪን ላይ የሚስለው ዕቃ፤ ፓክድ ማለት ደግሞ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ማለት ነው። የጠራው ዋጋ ሌላ ቦታ ያገለገለው ከሚጠየቅበት እንኳን በሲሶ ያነሰ ነው። «ለምን ረከሰ?» ስለው «ወንድሜ፣ በቀጥታ ነው የማስመጣው፤ መሃል ላይ ደላላ የለም» አለኝ። ካርቶኑን ፊታችን ቀደደው። ሱቁ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፣ የተሰኩ ዕቃዎችን ስም የሚያሳየውን የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ከፈተ፣ ስሙ ቁልጭ ብሎ ጂቲኤክስ 1060 ይላል። አየን፣ አመንን፣ በሞባይል ባንኪንግ ላክንለት። ደረሰኝ ስንጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ ቫቱ 15 ፐርሰንት ይጨመርበታል» አለ። እኛም ያችን ለማዳን ብለን ተውነው። ልንወጣ ስንል አንድ ፍላሽ ሰጠንና «ድራይቨሩን ከዚህ ላይ ጫኑ፤ አፕዴት እንዳታደርጉት፣ ያበላሸዋል» አለን።

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ድራይቨር ማለት ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ትክክለኛ ካርድ የሚሸጥ ሰው ድራይቨር አፕዴት አታድርጉ አይልም።

ቤት ገብተን ገጣጠምነው። ድሮ የወጡት ጌሞች እየተቆራረጡም ቢሆን ከፈቱ። አዲሶቹ ጭራሽ እንቢ አሉ። ወንድሜ «ጌሙ ከባድ ሆኖ ይሆናል» እያለ እኔን ያጽናናኛል። ማታ ላይ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አዲሱን ድራይቨር አውርደን ስንጭን ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ወደቀ። ሆዴን አንድ ነገር ቆረጠው። የግራፊክስ ካርድን ማንነት የሚያነብ ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አወረድኩና ከፈትኩት። ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» ብሎ ለጥፎበታል፣ የኩባንያው አርማ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ። የቺፑ ስም ጂኤፍ116። ይሄ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2011 ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ የወጣው ነው። 192 ኩዳ ኮር (ሥዕሉን የሚያሰሉት ትንንሽ ክፍሎች) ነው ያለው። እውነተኛው ባለ 6 ጂቢ 1060 ግን 1280 አለው።

ዘዴው እንዲህ ነው። የድሮ ርካሽ ካርድ ይወሰዳል። ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ማንነቱ የተጻፈበት ፕሮግራም) ላይ ያለው ስም ተፍቆ የአዲስ ካርድ ስም ይጻፍበታል። የሚሞሪውም መጠን እንደዚያው ይዋሻል። ዊንዶውስ ደግሞ የሚያነበው የተጻፈለትን ነው፤ ስለዚህ ዲቫይስ ማናጀር ማስረጃ አይሆንም። ለዚያ ቺፕ ኤንቪዲያ መደበኛ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ለዚህ ነው የራሳቸውን ፍላሽ የሚሰጧችሁ። ማጭበርበሩ ከመብዛቱ የተነሳ የጂፒዩ-ዚ ሠሪዎች በዚያው ዓመት ፌክ ካርድ የሚለይ ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ እኛ ሰፈር ላይ ዛሬም ይሠራል።

ፕሮግራም ሳያስፈልግ በዓይን የሚታይም ነገር ነበረ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ከኋላው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ (የድሮ ሞኒተር ገመድ የሚሰካበት) ነበረው። ኤንቪዲያ ስማቸው ከ1000 ከሚጀምረው ካርዶቹ ወዲህ ቺፑ ራሱ ለቪጂኤ ሲግናል አያወጣም። ጂቲኤክስ 1050፣ 1060፣ 1660 እያሉ ሰማያዊ ቪጂኤ ያለው ካርድ ካሳዩአችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ደግሞም 1060 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ዛሬ «ፓክድ» ሲባል የት ተቀምጦ ቆየ ብላችሁ ጠይቁ።

ሰኞ ዕለት ተመልሰን ሄድን። ያ ትሁት ልጅ «እኔ የሸጥኩት ይሄን አይደለም፤ ቀይራችሁት ይሆናል» አለ። ወንድሜ ዝም ብሎ ቆመ። ደረሰኝ የለን፣ የካርዱን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አላነሳን፣ ምን ይባላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። መብቱን ግን በባዶ እጅ መጠየቅ ከባድ ነው። የቫቷን 15 ፐርሰንት እናድናለን ብለን ሙሉውን አጣን። እባካችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ላዩ ላይም «ግራፊክስ ካርድ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፣ ሙሉ ስሙና ሲሪያሉ ይስፈር።

አሁን ስለ ፓወር ሳፕላይ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ስለሚያከፋፍለው ሳጥን ላውራ፤ ይሄ ከካርዱ ቢብስ እንጂ አያንስም። ያው ሱቅ ለ«ጥሩ ደንበኛ» ብሎ 500 ዋት የሚል ፓወር በርካሽ ጨመረልን። በእጄ ስይዘው ቀለለኝ፤ ጥሩ ፓወር ከበድ ይላል። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። 12 ቮልት የሚለው ስር 16 አምፔር ይላል። አባዙት፤ 192 ዋት ነው። የዛሬ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል) እና ግራፊክስ ካርድ የሚበሉት በዋናነት ከዚያች 12 ቮልት መስመር ነው፤ ስለዚህ ዕቃው በተግባር 500 ዋት ሳይሆን 192 ዋት ነው ማለት ነው። ትክክለኛ 550 ዋት የሆነ ፓወር እዚያ መስመር ላይ ከ40 አምፔር በላይ ይጽፋል። መብራታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። መከላከያ የሌለው ፓወር ሲቃጠል ብቻውን አይቃጠልም፣ ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለውም 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት፤ የእኛ መብራት 220 ነው፣ 115 ላይ ከሆነ እዚያው ይፈነዳል። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ማረጋገጫ (መብራት እንደማያባክን የተፈተነ) ያለውንና ሰው የሚያውቀውን ብራንድ ግዙ። ብር ካነሳችሁ ከኬዙ ላይ ቀንሱ፣ ከሚያበራው ፋን ላይ ቀንሱ። ከፓወሩ ላይ አትቀንሱ።

ስለ ኢንቴል ሲፒዩ «ኮር አይ 7 ነው» የሚለውንም ተጠንቀቁ። እሱን እንኳን ነቄ ብለናል። ጄኔሬሽኑ (ስንተኛው ትውልድ) ስንት ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ አይ 7 የሚለው ስም ምንም አይነግራችሁም። አይ 7-2600 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የድሮውን ዲዲአር3 ራም ነው የሚወስደው፣ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትንሹ አይ 3-12100 ያንን ትልቅ ስም ያለውን አይ 7 በደንብ ይበልጠዋል። ማስታወቂያ ላይ «አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 6 ጂቢ ግራፊክስ፣ 500 ዋት» ተብሎ ሲደረደር ዓይን ይማርካል። አንዱም ቁጥር ግን የሚፈለገውን አይናገርም።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ራሱ መጥፎ አይደለም። በዚህ ዋጋ ብዙዎቻችን ሌላ ምርጫ የለንም። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ አንዳንዶቹ ታጥበው እንደ አዲስ ይሸጣሉ። የኤኤምዲን ካርድ አርኤክስ 580 ሲሏችሁ ደግሞ የትኛው ነው በሉ። 2048ኤስፒ የሚባለው ስሙ 580 ይሁን እንጂ ውስጡ የ570 ነው፤ እውነተኛው 580 ኮሩ 2304 ነው። ይሄንንም ጂፒዩ-ዚ ላይ «ሼደርስ» ከሚለው ቦታ ታነቡታላችሁ። 2048ቱ በራሱ መጥፎ ካርድ አይደለም፣ በ580 ዋጋ መሸጡ ነው ጥፋቱ።

እኔ አሁን እንደገና ብጀምር የምይዘውን ልንገራችሁ። ሲፒዩው ራይዘን 5 5600 ወይም አይ 5-12400ኤፍ። ሁለቱም 6 ኮር ናቸው፣ ለዚህ ደረጃ ፒሲ ከበቂ በላይ ናቸው። ሁለቱም የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፣ ስለዚህ ካርድ ሳይሰካ ስክሪን አያሳዩም፤ «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ራይዘኑን በቢ450 ማዘርቦርድ ከወሰዳችሁ የማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት መደረጉን ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ አረጋግጡ፤ የድሮ ባዮስ ካለው ላይነሳ ይችላል። ራም ባለ 8 ሁለት እንጂ ባለ 16 አንድ አትግዙ፤ ጥንድ ሲሆን ፍጥነቱ ይለያል። ካርዱ አርኤክስ 6600። 8 ጂቢ ነው፣ 132 ዋት ነው የሚበላው፣ 1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ስክሪን ላይ ብዙውን ጌም ያለ ጭንቀት ያጫውታል። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢው በጥሩ ዋጋ ከተገኘም አሪፍ ነው፣ ግን 170 ዋት መሆኑን አስቡ። ለሁለቱም ጥሩ 550 ዋት ይበቃል፤ 750 ካልገዛችሁ የሚላችሁን አትስሙ።

አሁን ከቤት ስወጣ ፍላሽ ይዤ ነው። ጂፒዩ-ዚ፣ ሲፒዩውን የሚያነበው ሲፒዩ-ዚ፣ ዲስክ የሚመረምረው ክሪስታልዲስክኢንፎ እና ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራው ፈርማርክ አሉበት። ካርዱ ይሰካ እላለሁ፣ ጂፒዩ-ዚ ይከፈት፣ ከዚያ ፈርማርክ 15 ደቂቃ ይሂድ። እየሄደ ሙቀቱን አያለሁ፣ ፋኑን በጆሮዬ አዳምጣለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ይመጣ እንደሆነ እጠብቃለሁ። ያገለገለ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው ስንት ፐርሰንት እንደቀረ ይነግራል። ብሩ የሚላከው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ሱቁ ስለሚጨናነቅ ሻጩም ያጣድፋችኋል። አንድ ሻጭ «ጊዜ የለኝም፣ እመነኝ» ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ስንዞር ጥሩ ሻጮችም አግኝተናል፤ አንዱ ገና ሳንጠይቀው «ቁጭ በሉና ፈትሹት» ብሎ ኪቦርዱን ወደ እኛ ገፋልን። ወንድሜ በኋላ ላይ ብር ተበድሮ ካርዱን የገዛው ከእሱ ነው፣ በደረሰኝ።

ፌኩ ካርድ ቤት አለ። አንድ ልጅ በ10 ሺህ ልግዛህ ብሎ ነበር፣ ማንን ሊሸጥበት እንደሆነ ስለገባኝ እንቢ አልኩት። ካርዱ ላይ ከፊት በኩል በቋሚ ማርከር «ፌክ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከፊት፣ ከኋላና ሰማያዊዋ ቀዳዳ በደንብ የምትታይበትን ፎቶ ከታች አድርጌላችኋለሁ፤ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡትና ሱቅ ስትገቡ አስተያዩት። ስታዲየም አካባቢ ያላችሁ በአካል ማየት ከፈለጋችሁም ንገሩኝ፣ ይዤው እመጣለሁ።