ከሞት በኋላ ለሚደርስ መልእክት የቱ ይሻላል? ጎግል፣ አፕል፣ ቴሌግራም ወይስ ፍላሽ

እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንድ ቦታ የተሰበሰበ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ልጅ ቤይሩት ናት፣ ወንድሟ ዱባይ፣ ወላጆች እዚህ። ለእነሱ የመጨረሻ ቃል ቀድቶ ማስቀመጥ ሟርት አይደለም። ፍቅር ነው።

ግን ስልክ ላይ መቅዳት ብቻ አይበቃም። የብሎካችን አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ስልክ ይዘው ወደ ጥገና ሄዱ። ፓተርኑን የሚያውቅ የለም። ጠጋኙ «እከፍተዋለሁ፣ ግን ፎርማት ካደረግኩት በኋላ ነው» አላቸው። ፎርማት ከተደረገ ድምፁም ፎቶውም ይጠፋል። ስልኩን መልሰው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት።

ስለዚህ ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ይደርሳል? ተቀባዩስ መክፈት ይችላል?

አንድሮይድ ለያዘ ሰው የእኔ ምርጫ ጎግል ነው። ነጻ ነው፤ ጂሜይሉም ቀድሞውኑ አላችሁ። «ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። አካውንታችሁ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ሳይነካ ከቆየ፣ አስቀድማችሁ ለመረጣችኋቸው እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች ኢሜይል ይልካል። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን መልእክት መጻፍ ትችላላችሁ። በጎግል ድራይቭ (የጎግል የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ያስቀመጣችሁትን ድምፅና ቪዲዮ እንዲያወርዱም መፍቀድ ይቻላል። ተቀባዮቹ እስከዚያች ቀን ድረስ ምንም አያውቁም።

ጉድለቱን ግን እወቁት። ትንሹ ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ሰማንያው ካለፈ በኋላ ማለት ነው። «እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ» የሚል ቃል እዚያ አይቀመጥም። ሌላው፣ እኛ አገር የሟች ስልክ ለልጅ ይተላለፋል። ልጁ የአባቱን ጂሜይል ሳያወጣ ስልኩን ከተጠቀመበት፣ ጎግል ባለቤቱ በሕይወት ያለ ይመስለዋል፤ መልእክቱም አይሄድም። ፋይል የምታካፍሉት ሰው ማንነቱ የሚረጋገጠው ደግሞ በስልክ ቁጥሩ ነው። ቤይሩት ያለችው ልጅ ሲም በቀየረች ቁጥር አዲሱን ቁጥር አስገቡ። ኢሜይል ለማይከፍቱ እናት መልእክቱን ተቀብሎ የሚያሰማቸውን ልጅ ምረጡ።

አይፎን ያላችሁ የአፕልን «ሌጋሲ ኮንታክት» ተጠቀሙ። ከአይኦኤስ (የአይፎን ሶፍትዌር) 15.2 ጀምሮ አለ። እስከ አምስት ሰው ይመረጣል። ሰውየው አካውንቱን የሚያገኘው አስቀድማችሁ የሰጣችሁትን ቁልፍ (አፕል የሚሰጠውን ኮድ) እና የሞት ምስክር ወረቀት ሲያቀርብ ነው። ቁልፉን አትማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት። ከተፈቀደለት በኋላ አካውንቱን ለማየት ሦስት ዓመት ጊዜ አለው። ወራት መጠበቅ ስለሌለበት በዚህ ጎግልን ይበልጣል፤ ግን ቤተሰብ በሐዘን ላይ እያለ ለምስክር ወረቀቱ ወረዳ ለወረዳ ሊመላለስ ነው።

ፌስቡክ ላይ የምትወክሉት ሰው ገጻችሁን ይጠብቃል እንጂ የውስጥ መልእክት አያነብም። ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

ቴሌግራም ሁላችንም እጅ ላይ ስላለ ያጓጓል። መልእክት በቀጠሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስልኩ ቢጠፋም በቀኑ ይሄዳል። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ አያስቀጥርም፣ ስለዚህ በየጊዜው ቀኑን መግፋት አለባችሁ። አንዴ ከረሳችሁ የስንብት ቃላችሁ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቡና እየጠጣችሁ ልጃችሁ ጋ ይደርሳል። ሰው አገር ላለ ልጅ ይህ ምን ያህል ድንጋጤ እንደሆነ አስቡት። በዚያ ላይ ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትን ከነመልእክቱ ያጠፋል። «ሴቭድ ሜሴጅ» (ለራሳችሁ የምታስቀምጡበት ቦታ) ውስጥ ያለው ቃል ማንም ሳይሰማው ይቀራል።

በወር ወይም በዓመት በዶላር የሚከፈልባቸው ድረ ገጾችም አሉ። እኔ አልመክርም። ዶላር ከማግኘቱ ጣጣ ሌላ፣ ስትሞቱ ካርዱ መክፈል ያቆማል፤ ድርጅቱም ከእናንተ በፊት ሊዘጋ ይችላል።

ለቀብር ቃልና ቶሎ መሰማት ላለበት ነገር ፍላሽን የሚያህል የለም። ሁለት ገዝታችሁ አንድ ዓይነት ፋይል ጫኑባቸው። አንዱን ቤት፣ ሌላውን ለንስሐ አባት ወይም ለምታምኑት የእድር ሰው ስጡ። ፓስወርድ አታድርጉበት፤ በፖስታ አሽጉት፣ ላዩ ላይ ለማን እንደሆነ ጻፉ። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ሲቀመጥ ሊበላሽ ስለሚችል በየዓመቱ ከፍታችሁ አዳምጡት፤ ካረጀ ቀይሩት።

ቤቱንና ገንዘቡን ለማን እንደተዋችሁ ግን ከእነዚህ በአንዱም አትተማመኑ። በቪዲዮ «ኮንዶሚኒየሙ የልጄ ነው» ማለት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ አይሆንም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያውም ይፈረማል። በራሳችሁ እጅ የምትጽፉት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእናንተው የእጅ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑም በግልጽ ይጻፍበት፣ ቀንና ፊርማም አይርሳ።