የዊኪፒዲያ የምርጫ ክልል ገጾች ሲፈተሹ፦ የለንደኑ ኢዝሊንግተን ኖርዝ

የብሪታንያን ምርጫ የሚከታተል ሰው ስለ አንድ የከተማ ምርጫ ክልል ማወቅ ሲፈልግ፣ ማን መቼ እንዳሸነፈ፣ በስንት ድምፅና በምን ያህል ልዩነት እንደሆነ በነጻ የሚያገኝበት ቀዳሚው ቦታ እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ነው። ከ650ዎቹ የታችኛው ምክር ቤት ወንበሮች እያንዳንዱ የራሱ ገጽ አለው። አገልግሎቱን ለመመዘን በሰሜን ለንደን ያለው ኢዝሊንግተን ኖርዝ ጥሩ መፈተኛ ነው። በ1885 የተመሠረተ፣ በ2010ሩ የወሰን አከፋፈል በቆዳ ስፋት ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ትንሹ የነበረ (735 ሄክታር ብቻ)፣ ከ1937 ማሟያ ምርጫ ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ በየምርጫው ሌበር ፓርቲ ያሸነፈበት፣ በ2024 ግን ከሌበር እጅ የወጣ ክልል ነው። «ዓ.ም.» ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገጾቹ አሠራር አንድ ዓይነት ነው። ከላይ መሠረታዊ መረጃ የያዘ ሳጥን፣ ቀጥሎ የወሰን ክፍል፣ ከዚያ የእንደራሴዎች ዝርዝር፣ በመጨረሻም ከቅርቡ ወደ ሩቁ የተደረደሩ የውጤት ሠንጠረዦች ይመጣሉ። አብዛኛው አንባቢ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ ይሮጣል፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። መነበብ ያለበት መጀመሪያ የወሰን ክፍሉ ነው፤ በየትኛው ዘመን የትኞቹ ቀበሌ መሰል አካባቢዎች (ዋርዶች) በክልሉ ውስጥ እንደነበሩ የሚናገረው እሱ ነውና። ስሙ አንድ ሆኖ መሬቱና ሕዝቡ ሊለያይ ይችላል።

በ1983 የሆነው ይህንኑ ያሳያል። እስከዚያ ድረስ ኢዝሊንግተን ውስጥ ሦስት ወንበሮች ነበሩ፦ «ኖርዝ»፣ «ሴንትራል» እና «ሳውዝ እና ፊንስበሪ»። በ1983 ሴንትራል ተሰርዞ ወንበሮቹ ሁለት ሆኑ። ስለዚህ የ1979ን መቶኛ ከ1983 ጋር አስተያይቶ «ሌበር ይህን ያህል ወረደ» ማለት ሁለት የተለያዩ ክልሎችን ማወዳደር ነው። የዚያ ዓመት ሠንጠረዥ ሌላም ወጥመድ አለው። የሌበሩ ጄረሚ ኮርቢን 14,951 ድምፅ (40.4 በመቶ)፣ ወግ አጥባቂው 9,344 (25.3)፣ የሶሻል ዲሞክራቲክ ፓርቲው ጆን ግራንት 8,268 (22.4)፣ ማይክል ኦሃሎራን ደግሞ 4,091 (11.1) አገኙ። ኦሃሎራን ከ1969 ጀምሮ የዚሁ ክልል የሌበር እንደራሴ የነበረ፣ በ1981 ወደ ሶሻል ዲሞክራቶቹ የዞረ፣ በ1983 ግን «ነጻ ሌበር» በሚል ስም በግሉ የቀረበ ሰው ነው። ግራንት ደግሞ የተሰረዘው የሴንትራል ክልል እንደራሴ ነበር፤ እሱም ከሌበር የወጣ ነው። አራት ረድፍ ሆኖ የሚታየው ውጤት በከፊል የአንድ ቤት ክፍፍል ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ከሠንጠረዡ ብቻ ማንም አያገኘውም፤ ከእንደራሴዎቹ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት።

ወሰን በማይለወጥባቸው ዓመታት ግን ገጹ በእውነት ያስደስታል። ከ2015 እስከ 2019 ያሉት ሦስት ምርጫዎች በአንድ ካርታ ላይ የተካሄዱ ናቸው፤ ያለ ስጋት ይነጻጸራሉ። ኮርቢን በ2015 29,659 ድምፅ (60.2 በመቶ)፣ በ2017 40,086 (73.0)፣ በ2019 34,603 (64.3) አግኝቷል። ከሁለተኛው ጋር የነበረው ልዩነት በቅደም ተከተል 21,194፣ 33,215 እና 26,188 ነው። ከሠንጠረዡ ግርጌ የሚጻፈው ስዊንግ፣ ማለትም ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረው ድምፅ፣ በእጅም ይሰላል፦ አንደኛው የጨመረውንና ሌላኛው የቀነሰውን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። በ2017 ሌበር 12.8 ነጥብ ጨመረ፣ ወግ አጥባቂው ከ17.2 ወደ 12.5 ወርዶ 4.7 ቀነሰ፤ ድምሩ 17.5፣ ግማሹ 8.75 ነው። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ፉክክሩ በእርግጥ በሁለቱ መካከል ሲሆን ነው። በ2019 ሁለተኛ የወጣው ወግ አጥባቂው ሳይሆን ሊበራል ዲሞክራቱ (8,415 ድምፅ፣ 15.6 በመቶ) ስለነበር፣ የሁለቱን ዓመታት ስዊንግ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። ስዊንጉ በየትኞቹ ሁለት ፓርቲዎች መካከል እንደተሰላ ሁልጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

የገጹ ትልቁ ድክመት ጎልቶ የሚወጣው በ2024 ነው። መቶኛው ካለፈው ምርጫ ስንት ነጥብ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው የለውጥ ዓምድ የሚሰላው በፓርቲ እንጂ በሰው አይደለም። ኮርቢን ከሌበር ወጥቶ በግል ዕጩነት ሲቀርብ 24,120 ድምፅ (49.2 በመቶ) አግኝቶ አሸነፈ፤ የሌበሩ ዕጩ 16,873 (34.4) አገኘ፤ ልዩነቱ 7,247 ነው። በፓርቲ ከታየ ሌበር 29.9 ነጥብ ወረደ። በሰው ከታየ ደግሞ ያው እንደራሴ ከ64.3 ወደ 49.2 ወርዶ 15.1 ነጥብ አጣ። የሁለቱ ድምፅ ሲደመር 83.6 በመቶ ይሆናል፤ ለክልሉ ታሪክ ከሁሉ የሚጠቅመው ቁጥር ይህ ነው፣ ግን አንባቢው ራሱ ደምሮ ካላወጣው በየትኛውም ረድፍ አይገኝም። ወንበር ለረጅም ዘመን በአንድ ሰው በተያዘበት ክልል ሁሉ ይህን ሒሳብ መሥራት ግድ ነው።

የታችኞቹ ረድፎችም ችላ አይባሉ። በብሪታንያ ዕጩ 500 ፓውንድ ያስይዛል፤ ከትክክለኛው ድምፅ ከ5 በመቶ በላይ ካላገኘ ገንዘቡ አይመለስለትም። በ2024 አረንጓዴው ፓርቲ በ5.4 በመቶ አስመለሰ፣ ወግ አጥባቂው በ4.0 ከሰረ።

የማይገኘው ነገርም አለ፤ ጥፋቱ ግን የዊኪፒዲያ አይደለም። በአንድ ክልል ውስጥ የትኛው ሰፈር ማንን እንደመረጠ ማወቅ አይቻልም። በብሪታንያ የየምርጫ ጣቢያው ኮሮጆ ወደ አንድ አዳራሽ ይሰበሰብና ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ ይደባለቃል። በእኛ አገር በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ድምፅ የተቆጠረው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም በሩ ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ የሰፈር ለሰፈር ታሪክ ለመጻፍ ከለንደን ይልቅ አዲስ አበባ ትመቻለች፣ ወረቀቱ ሳይጠፋ ከተሰበሰበ። ወንበር ብቻ መቁጠር ምን ያህል እንደሚሸፍን የአዲስ አበባ 23 ወንበሮች ያሳያሉ፦ በ1997 ዓ.ም. ሁሉንም ቅንጅት ወሰደ፣ በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 22ቱን። ሁለቱም አገሮች በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስለሚጓዙ፣ በየክልሉ የነበረው ልዩነት ካልታየ እንዲህ ያለው ግልብጥ በወንበር ብዛት ብቻ ሊገባን አይችልም።

ተአማኒነቱስ? ገጹን ማንም ማረም ስለሚችል፣ በምርጫው ሌሊት ከቴሌቪዥን ተገልብጠው የገቡ ቁጥሮች ሊሳሳቱ ይችላሉ። ፍተሻው ቀላል ነው። የአንደኛውና የሁለተኛው ድምፅ ተቀናንሶ ከተጻፈው ልዩነት ጋር መግጠም አለበት፤ መቶኛውም እንዲሁ (49.2 ሲቀነስ 34.4፣ 14.8 ይሆናል)። የ0.1 ልዩነት ከማጠጋጋት ይመጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ከረድፎቹ አንዱ ስህተት ነው። የየረድፉን ምንጭ ተጭኖ ወደ አካባቢው አስተዳደር ይፋዊ መግለጫ መሄድም ይገባል። ዋጋ የሌላቸው የድምፅ ወረቀቶች በአራት ምክንያት ተከፍለው የሚገኙት እዚያ ነው፦ ይፋዊ ምልክት የሌለው፣ ከአንድ በላይ ዕጩ የተመረጠበት፣ መራጩን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት፣ ባዶ ወይም ሐሳቡ ግልጽ ያልሆነ።

ስለ አንድ ክልል ለማንበብ ዊኪፒዲያ ይበቃል፤ ከነጻ አገልግሎት ይህን ያህል ዝርዝር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ክልሎችን ለማወዳደር ግን የብሪታንያ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ1918 ጀምሮ ያለውን የየክልሉን ውጤት በነጻ በሚወርድ ፋይል አዘጋጅቶታል፤ እሱ ይሻላል። ከዊኪፒዲያ ሠንጠረዥ ወደ ኤክሴል የሚገለብጥ ሰው በለውጥ ዓምዱ ላይ ይጠንቀቅ፦ የመቀነስ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከቁልፍ ሰሌዳው ሰረዝ የተለየ ስለሆነ ኤክሴል ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል፣ ድምሩም የቀነሱትን ፓርቲዎች ዘሎ ያልፋል። ምልክቱን በ«ፈልግና ተካ» በተራ ሰረዝ መለወጥ፣ ከዚያ ዓምዱን ወደ ቁጥር መቀየር ችግሩን ይፈታል።