ከሲጋራ ወደ ቬፕ፦ እቃው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እና የማይለቀው ሳል

እቃው ቬፕ ነው፣ ፈሳሽ በባትሪ አሙቆ እንፋሎት ሚያወጣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ አይነቱ ሚሞላ ፖድ ሚባለው፣ ማለትም አንዴ ስበው ሚጥሉት አይነት ሳይሆን ሊኪዊድ (ፈሳሹን) እየጨመሩ ኮይሉን (ሚያሞቀውን ሽቦ) እየቀየሩ ሚጠቀሙበት፣ ከአውራ ጣት ወፈር ያለ፣ በስልክ ቻርጀር ቻርጅ ሚደረግ። ስሙን አልጠራም፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስምና ውስጡ ያለው ነገር አንድ መሆኑን ማን ያውቃል። ከሁለት ሺ ብር በላይ ሄዶብኛል ሊኪዊዱን ሳይጨምር። ደረሰኝ የለ፣ ዋስትና የለ፣ ሊኖርም አይችልም ምክንያቱም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እዚህ አገር መሸጥ ክልክል ነው፣ ስለዚህ ሚሸጥላችሁ ልጅ በቴሌግራም ተጽፎ፣ ካፌ በር ላይ ተገናኝቶ፣ ብር ተቀብሎ እብስ ነው። ሲበላሽ ማን ጋር ትጮሃላችሁ? ይሄንን መጀመሪያ ያዙልኝ፣ ከታች ያለው ብዙው ነገር ከዚ ይመጣል።

እኔ ሹፌር ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን መስመር፣ አንዳንዴ አዲስ አበባ። የመስመር ሰው ያውቀዋል፣ ተራ እስኪደርስ አንድ ፍሬ፣ መኪናው እስኪሞላ አንድ ፍሬ፣ ደብረ ሲና ቁርስ ላይ ከቡና ጋር ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማታ ባኮው ባዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቁር አክታ፣ ሚስቴ ስታሳልፈው ስታሳልፈው ሰለቻትና ወይ እሱን ወይ እኔን አለች፣ ልክ በዛ ሰሞን አንዱ የመስመር ጓደኛችን ቬፕ ይዞ መጣ፣ ጭስ አይደለም እንፋሎት ነው ምንም አይልም አለ፣ በዚሁ ገዛሁ።

ጥሩውን ልናገር መጀመሪያ። ጥቁሩ አክታ ወር ሳይሞላ ጠፋ። ሽታ መለስ አለልኝ፣ የወጥ ቁሌት ከበር ላይ ነው አሁን ሚሸተኝ። ጃኬቴም መኪናውም አይሸትም፣ ረዳቱ ራሱ ጋቢና ውስጥ ሰው መሰልክ ብሎኛል። ይሄ ተአምር አይደለም ምክንያት አለው፣ ቬፕ ውስጥ ሚቃጠል ቅጠል የለም፣ ስለዚህ ታር ሚባለው ጥቁር ነገርና ካርቦን ሞኖክሳይዱ አብሮ አይገባም ወይም በጣም ያንሳል። ይሄን የካደ ሰው ካለ እሱም ልክ አይደለም።

አሁን ወደ እቃው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ውርጩ መስታወት ላይ ሚጋገርበት ጊዜ አለ። ሊኪዊዱ በዋናነት ከሁለት ነገር ነው ሚሰራው፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል እና ግሊሰሪን፣ ያው በብርድ ፊታችንን ምንቀባት ግሊሰሪን። ታዲያ ጠዋት አስራ አንድ ሰአት መናኸሪያ ስትደርሱ ይሄ ሊኪዊድ ብርድ እንደመታው ማር ወፍሯል፣ ኮይሉ ውስጥ ያለችው ጥጥ ቶሎ አትጠጣውም፣ እናንተ ትስባላችሁ፣ ብረቱ ይግላል፣ ጥጧ ደረቅ ናት፣ ትቃጠላለች። ያ ጣዕም! ጉሮሮን እንደ ምላጭ ነው ሚቆርጠው፣ አይን ያስነባል፣ ከዛ አስር ደቂቃ ሳል። አንድ ቀን ፖዱን ፈትቼ አየሁት፣ ነጭ የነበረችው ጥጥ መሀሏ ከስሎ ጠርዟ ቡኒ ሆኗል፣ ስነካት ደግሞ ትፈረፈራለች፣ ያ ማለት እኔ የተቃጠለ ጥጥ ስስብ ነው የከረምኩት። መፍትሄው ብብት ስር ይዞ ማሞቅ ነው፣ ከዛ ቀስ ብሎ አጭር አጭር መሳብ። ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይሞታል። የሰራው ሰው መንዝና ደብረ ብርሃንን አስቦ አልሰራውም፣ ይሄን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ።

ሌላው ደግሞ መስመሩ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፣ ከዛ በደብረ ሲና አድርገህ ጣርማበር ዋሻው ጋር ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል። ሽቅብ ስንወጣ ውጪ ያለው አየር ይሳሳል፣ ፖዱ ውስጥ የታፈነው አየር ግን ይነፋና ሊኪዊዱን ይገፋዋል፣ ስለዚህ ዋሻውን ስናልፍ ኪሴ እርጥብ ነው፣ የሸሚዜ ኪስ የእንጆሪ ሽታ ይዞ ቀረ። ይባስ ብሎ አፍ መያዣው ላይ የተጠራቀመው ጠብታ ስትስቡ ቀጥታ ጉሮሮ ይገባል፣ መራራ ነው፣ እሱም ሌላ ሳል። ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ድረስ ብቻ ያለ ፖድ ከሆነ የባሰ ነው፣ ብዙ አየር ስላለበት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ወይ ባዶውን ያዙት።

ሳሉ። ሁለት አይነት ነው እና ሰው ስለሚያምታታው በደንብ ልጻፈው። የመጀመሪያው ሲጋራ ካቆምኩ በኋላ ያሉት ሳምንታት ላይ አክታ ያለው ሳል ጨመረብኝ፣ ይሄ ሚጠበቅ ነው፣ ሳምባ መተላለፊያው ላይ ቆሻሻ ሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፣ የሲጋራ ጭስ ያደነዝዛቸዋል፣ ሲቆም ይነቁና የከረመውን ማውጣት ይጀምራሉ። እሱ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ሁለተኛው ግን እሱ ሲጠፋ የመጣ ነው፣ ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ማታ ማታ ሚብስ፣ ደረት ላይ ጨምደድ ሚያደርግ፣ በብርድ ወይም መስኮት ስከፍት ሲር ሲር እያለ ሚያፏጭ። ፕሮፒሊን ግላይኮል ውሃ ይስባል፣ ጉሮሮን ያደርቃል፣ የኛ የደጋ አየር ደግሞ ራሱ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፣ በላዩ ላይ ሹፌር ውሃ አይጠጣም፣ ሽንት ቤት ያለበት ስለማይቆም። ሲደማመር ይኸው።

ሀኪም ቤት ሄድኩ። ሀኪሙ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ስለ ቬፑ ከማውራቴ በፊት «ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎታል?» አለኝ፣ አዎ ስለው መጀመሪያ አክታ ለቲቢ። እኔ እኮ ቬፕ ነው ምክንያቱ እያልኩት ነው፣ «ይሁን ወንድሜ፣ ግን ሹፌር ነህ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ተዘግተህ ነው ምትውለው» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ጂን ኤክስፐርት ሚሉት ምርመራ ነው፣ ነጻ ወጣሁ፣ ራጁም ንጹህ ነው አሉኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ሳምባዬ ምንም አልሆነም ማለት ነዋ ስለው ራጅ ትልልቁን ነገር ነው ሚያሳየው፣ የቀጫጭን ቱቦ ቁጣና ጥበት በራጅ አይታይም ብሎ ስፓይሮሜትሪ ሚባል ላከኝ፣ በቱቦ እፍ ይባላል፣ ባንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል አየር እንዳስወጣህ ይለካል። ለቁመቴና ለእድሜዬ ከሚጠበቀው ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሚነፋ መድሃኒት ሰጥተው ሲደግሙት ከፍ አለ፣ ማለትም ቱቦው ተቆጥቶ ጠቧል፣ ግን ሚመለስ ነገር አለው። ከቬፑ ነው ወይስ ከሲጋራው ብዬ ጠየኩት። የስንት አመት ጭስ ላይ የጥቂት ወር እንፋሎት ተጨምሮበት ይሄ ከዚህ ነው ብሎ መለየት አይቻልም አለኝ፣ ከመጀመሪያው በፊት የተለካ ነገር የለህማ። ይሄ መልስ ከሻጩም ከመስመር ጓደኛዬም ከሰማሁት ሁሉ ይሻላል።

ሊኪዊዱ ላይ ነው ግን እኔ ይበልጥ ሚያስፈራኝ። አሜሪካ በ2019 ቬፕ ሚስቡ ሰዎች ሳምባ በድንገት እየተመታ እስከ የካቲት 2020 (በፈረንጆች) 2,807 ሰው ታሞ ሆስፒታል ገባ ወይም ሞተ ተብሎ ተመዘገበ፣ ሟቾቹ 68 ነበሩ። አብዛኛው የካናቢስ ዘይት ያለበት፣ ከመንገድ ሻጭ ወይም ከጓደኛ የተገዛ፣ ለማወፈር ቫይታሚን ኢ አሴቴት ሚባል ቅባት የተጨመረበት ነበር። የኔ ካናቢስ የለበትም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አላምታታውም። ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፣ ያለማንም ቁጥጥር ሚቀላቀል ነገር ውስጥ ምን እንደገባ ሚያውቀው የቀላቀለው ሰው ብቻ ነው። የኔ ሻጭ ሊኪዊድ ባለቀበት ጊዜ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ ከፋርማሲ ግሊሰሪን ግዛና ቀላቅልበት። ለቆዳ የተሰራ ነገር ለሳምባ! እንጆሪው ሚንቱ ማንጎውም እንደዛው ነው፣ ለኬክና ለከረሜላ ሚፈቀድ ፍሌቨር ሆድ ሲገባና ሞቆ ሳምባ ሲገባ አንድ አይደለም፣ ዲአሴቲል ሚባለው የቅቤ ሽታ ሚሰጠው ነገር ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሰራተኞችን ሳምባ ያበላሸ ነው፣ ሲበሉት ግን ምንም አይልም።

ኒኮቲኑ ደግሞ ሻጩ 5 ፐርሰንት ነው ሚሰጣችሁ፣ ሳትጠይቁ። ይሄ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ አውሮፓ ህብረት ከ20 በላይ አይፈቅድም። ሶልት ኒኮቲን (አሲድ ተጨምሮበት የለሰለሰ ኒኮቲን) ስለሆነ ደግሞ ጉሮሮ አይከረክርም፣ ስለዚህ ስንቴ እንደሳብክ አታውቅም። ሲጋራ ያልቃል፣ ትጥለዋለህ። ይሄ አያልቅም፣ ከመናኸሪያ እስከ ጫጫ ኬላ ድረስ እጄ ላይ ነው። መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ካለ አልስብም (ማጨስ በህግም ክልክል ነው) ግን ደብረ ሲና ቆመን ስስብ አንዲት እናት ከኋላ መጥተው «የኔ ልጅ እጣን ነው?» አሉኝ። አይ እማማ የሲጋራ መድሃኒት ነው አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «መድሃኒት ከሆነስ ለምን ታስላለህ?» መልስ አልነበረኝም፣ ረዳቱ ግን እስከ ሮቢት ስቆ ሊሞት።

ነጥብ ከሰጠሁ እቃው ከአምስት ሁለት፣ አንዷ ለጥቁሩ አክታ አንዷ ለሽታው። ሻጩ ዜሮ። አጭሶ ለማያውቅ ሰው፣ ለተማሪ፣ አስም ላለበት በጭራሽ። ሲጋራም ቬፕም እያቀያየራችሁ ምትስቡ ደግሞ ሁለቱንም ከፍላችሁ ሁለቱንም ጉዳት ነው ምትወስዱት፣ የኔ ጓደኛ እንደዛ ነው፣ እሱ እንደኔ እንኳን ለወጥ አላለም። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ምክንያቱን አውቀዋለሁ ብላችሁ አትቀመጡ፣ አክታችሁን አስመርምሩ፣ የቲቢ ምርመራ በጤና ጣቢያ በነጻ ነው።

ሀኪሙ ሙሉ በሙሉ አቁመህ ከፋሲካ በኋላ መጥተህ እፍ በል ብሎኛል፣ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ይለያል። እስከዛ ፖዱ ባትሪው ወጥቶ ቁምሳጥን ላይ ነው፣ ግዛኝ ያሉኝ ሁለት የመስመር ልጆች አሉ፣ አልሸጥም፣ ያ የተቃጠለ ጥጥ አሁንም ውስጡ ነው።